የበዓል ቀን ወንዝ

እፍረት እንደ ልብስ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሱሪ ከኋላ ተቀዶ የሚታፈረው አለ፤ እሱ በመርፌ ይድናል። የሰው ስም ጠፍቶ የሚታፈረው አለ፤ እሱ «ወንድምዬ» ተብሎ ይታለፋል። የኔ ግን በእንስራ ተሞልቶ በጀርባ የሚታዘል ነው። ከጅጋ ወረድ ብሎ ባለው አገር ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። «ያ እንስራ ያዘለው ጸሐፊ» ካላችሁ ግን ማንም ጣቱን ቀስሮ ቤቴን ያሳያችኋል። ስሜን የማልነግራችሁም ለዚህ ነው፤ እናንተም አያስፈልጋችሁም።

የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ለወንበሩ ያበቃኝ የእጅ ጽሕፈቴ ነው እንጂ ትምህርቴን ከዐሥረኛ ክፍል ነው የተውኩት። ሁለት ደብተር ነበረኝ፤ አንዱ ለቃለ ጉባኤ፣ አንዱ ለግጥም። ግጥም ያስተማረኝ የለም። ከሰርግ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት፣ ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ለቃቅሜ የተማርኩት ነው። ታዲያ ሁለቱ ደብተሮች አንዳንዴ ይደባለቁብኛል። አንድ ቀን ሊቀ መንበራችን ጓድ ሙሉነህ ስለ እርከን ሥራ የጻፍኩትን ቃለ ጉባኤ ለሕዝቡ ሲያነቡ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፃቸው ሳያስቡት ዜማ ያዘ። ቆም ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ጓድ፣ ይኸ ስብሰባ ነው ሰርግ?»

«ስብሰባ ነው ጓድ ሊቀ መንበር።»

«እንግዲያውስ ቤት አትምታብኝ።»

በዚያ ዓመት የመንደር ምሥረታው እኛም ዘንድ ደርሶ፣ ሸንተረሩ ላይ ተበታትነው የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ከሥር ባለችው ወንዝ ዳር በመስመር ተተከሉ። የታችኛው መንደር ተባለ። አዲሶቹ ነዋሪዎች ወንዟን የሚያውቋት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ስሟን ሰምተዋል፣ ጠባይዋን አያውቁም፤ የሚጠጡትን እንኳ ገና ከድሮው ሰፈር ነው የሚቀዱት። በዚህ መሀል የበርበሬ ነገር መጣ። የእኛ አገር ሰው በርበሬ ካልተከለ ዓመቱ ዓመት አይመስለውም። ችግኙ ክረምት እስኪገባ ድረስ መደብ ላይ በየቀኑ ውኃ መጠጣት አለበት። ጥያቄው መደቡ የት ይሁን የሚል ነበር። ወንዟ ዳር ይሁን? ወይስ አንድ ሰዓት ሽቅብ ተወጥቶ፣ በድሮው ሰፈር ባለችው ትንሽ ምንጭ ዘንድ?

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ታፈረ ቀይና ነጭ መስመር የተቀባ እንጨት ይዞ መጣና የወንዟ መሻገሪያ ላይ ተከለው።

«እየወረድክ ውኃው ስንተኛው መስመር ላይ እንደደረሰ ትጽፋለህ» አለኝ።

«በየስንት ቀኑ?»

«እንደተመቸህ» አለና ብስክሌቱን ተፈናጦ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደ።

እንደተመቸህ። ይቺን ቃል ለሰነፍ ሰው የሚናገር የልማት ሠራተኛ ጥርሱ ይውለቅ አልልም፤ ግን ትንሽ ይነቃነቅ።

ከጽሕፈት ቤታችን እስከ መሻገሪያው የሰዓት ተኩል መንገድ ነው። በሥራ ቀን እንዳልሄድ ደብዳቤ አለ፣ ስም ዝርዝር አለ፣ ስለሚቀጥለው ስብሰባ የሚደረግ ስብሰባ አለ። በበዓል ቀን ግን ጽሕፈት ቤቱ ለደንቡ ይከፈታል እንጂ ዝንብም አይገባበትም። ሊቀ መንበሩም «ለመስክ ቁጥጥር» ብለው ይወጣሉ፤ መስኩ ማኅበር የሚጠጣበት ቤት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ግጥሜን በብብቴ ይዤ ወደ ወንዟ እወርዳለሁ። በወር በሦስት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድ፣ በሃያ ዘጠኝ። በመዝገቡ ላይ ሚካኤልና ማርያም ብዬ መጻፍ በዚያ ዘመን የሚደፈር አልነበረምና፣ ቁጥሮቹን ሳያቸው በዘጠኝ በዘጠኝ የሚራመዱ መሰሉኝ። «ልኬት በየዘጠኝ ቀኑ» ብዬ ከላይ ጻፍኩ። ሃያ ዘጠኝ አንድ ቀን ይጎድለዋል፤ ሳይንስ ለአንድ ቀን አይቀየምም ብዬ አለፍኩት። ከሃያ ዘጠኝ እስከ ሦስት ያለውንም ማንም አልቆጠረብኝም።

ወንዟ ደግሞ ታማኝ ነበረች። በወረድኩ ቁጥር አራተኛው መስመር ላይ ናት። በጥርም አራት፣ በየካቲትም አራት፣ በመጋቢትም አራት። ዳሯ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት፦

ዘመድ ይጎድላል፣ ወዳጅ ይሸሻል ቀን ሲከፋ፣
አንቺ ግን አራት መስመር ላይ፣ ውኃሽ ላፍታ ሳይጠፋ።

የታችኛው መንደር ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጭ በነጭ ለብሶ በአጠገቤ ያልፋል። ዳቦ ይቆርሱልኛል፣ ጠላ ይቀዱልኛል፤ ይሣሣቃሉ። ለእነሱም «የታችኛው መንደር ደስታ» የሚል ረዥም ግጥም ጻፍኩ። በውይይት ክበብ ሳነበው ጓድ ሙሉነህ እንኳ ቤት መምታቴን ይቅር አሉኝ።

ከዚያ ታፈረ መዝገቤን አየና «ቁጥር ለገበሬ አይነግርም፤ በሥዕል አስረዳ» አለኝ። በትልቅ ወረቀት ላይ ቀንን ወደ ጎን፣ ውኃን ወደ ላይ አድርጌ መስመር ሳብኩ። አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ዘቅዝቀው፣ አቅንተው፣ ደግመው ዘቅዝቀው አዩት።

«ይኸማ» አሉ፣ «በሬ እየሄደ የሸናው ነው።»

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን ነገሩ ገባኝ። ሰው በዓይኑ ብቻ ያየውን መስመር አያምንም፤ በእጁ መንካት፣ ከፍ ዝቅ ማድረግ አለበት። ከፈረሰ ቤት የተረፈ የበር ሣንቃ አመጣሁ። ለወሩ ሠላሳ ቀናት ሠላሳ ዓምድ አሰመርኩና፣ በያንዳንዱ ዓምድ ላይ በጋለ ብረት አምስት አምስት ቀዳዳ በሳሁ። ከቀርከሃ ትንንሽ ችካሎች ጠርቤ፣ የያንዳንዱን ጫፍ ክር እንዲይዝ ገዘገዝኩት። ሰማያዊ ክር በችካሎቹ ላይ ወጠርኩ። ችካሉ ሲወርድና ሲወጣ ክሩ እንዳይላላ ደግሞ ጫፉ ላይ ጠጠር አንጠለጠልኩ።

የመጀመሪያው ሠሌዳ ግን ሣንቃ ሳይሆን የእኔ ትዕቢት ነበር። ፀሐይ ሥዬበት ነበር። ዓሣ ነበረበት። ከሥሩ ግጥሙ ነበረ። ያየው ሰው ሁሉ ስለ ዓሣው ይጠይቀኛል፤ ክሩን የሚያይ የለም። ልቤ እየደማ ዓሣውን ፋቅሁት፤ ቀጥሎ ፀሐይዋን፤ በመጨረሻ፣ አንድ ሌሊት አድሬበት፣ ግጥሙን። ከዚያም ቀዳዳዎቹን እንደ ወንዙ እንጨት ቀይና ነጭ ቀባኋቸው፤ ወንዝ ዳር እንጨቱን ያየ ሰው እዚህ ሲያየው ያው እንደሆነ እንዲያውቅ። ያን ጊዜ ሆነ። ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው አንዱን ችካል ነቅለው ዝቅ አደረጉ፤ ክሩ አብሮ ወረደ።

«እ» አሉ፣ «ውኃው ጎደለ ማለት ነው።» ከፍ አደረጉት። «ሞላ።» ደግመው ዝቅ፣ ደግመው ከፍ። ከእጃቸው ለማስለቀቅ ተቸገርኩ።

እንዲህ ግልጽ የሆነ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ያጠፋኝም ግልጽነቱ ነው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የታችኛው መንደር ሰው ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ሠሌዳውን አቆምኩ። በሦስት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድ፣ በሃያ ዘጠኝ አራት ችካል፤ ሁሉም አራተኛው ቀዳዳ ላይ። ሰማያዊው ክር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። «የሦስቱም ወር እንዲሁ ነው» አልኩ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ የማመን ማጉረምረም ነበር።

እትዬ አንጓች ከሴቶቹ መሀል ተነሡ። ባላቸው ሞተው አራት ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ በስብሰባ ላይ ብዙም የማይናገሩ ሴት ናቸው።

«እኔ እምለው ልጄ» አሉኝ፣ «ባለፈው ማክሰኞ ጥጃ ላጠጣ ወርጄ ድንጋይ ነው ያገኘሁ። ምንጩ ዘንድ ብንወጣ አይሻልም ወይ?»

«የት ላይ ነው እትዬ? እስቲ አብረን እንውረድ» ማለት ይቻል ነበር። ሠሌዳ የሌለው ሰው እንዲያ ይላል። እኔ ሠሌዳ ነበረኝ።

«እትዬ፣ የአንድ ቀን ነገር ወንዝ አይሆንም። ይኸ የሦስት ወር መዝገብ ነው። ይምጡና በእጅዎ ይዩት።»

መጡ። በአመልካች ጣታቸው ክሩን ከዐሥራ ሁለት ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ሃያ አንድ ዳሰሱት። መሀል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ መሀሉ ላይስ? ችካል የለበትም።»

«በመሀሉም እንዲሁ ነው። ክሩ ያያይዘዋል።»

ክሩን የወጠርኩት እኔ መሆኔን ረስቼው ነበር። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሰው እያየኝ ስለሆነ ጨመርኩበት፦ «ምናልባት ማክሰኞ ዕለት ሌላ ወንዝ ወርደው ይሆናል።»

ሕዝቡ ሳቀ። እትዬ አንጓችም አብረው ፈገግ አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ፤ በቋጠሮው ውስጥ የበርበሬ ዘር ነበር።

«ያለችኝ ይቺ ናት» አሉ። «ይቺ ከጠፋች ዓመቱ ጠፋ ማለት ነው። አንተ ካልክ እሺ።»

መደቡ ወንዟ ዳር እንዲሆን ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን በዜማ ጻፍኩት።

ዘሩ የተዘራው በሆሣዕና ዋዜማ ነው። ከዚያ ሰሙነ ሕማማት ገባ፤ ከዚያ ፋሲካ፤ ከዚያ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ዶማ የሚነካ ሰው የለም። የመንደሩ ሴቶች ግን ችግኝ ማጠጣት ጥጃ እንደ ማጠጣት ነው፣ ኃጢአት የለበትም ብለው ያጠጣሉ። ወንዟም አራት መስመር ላይ ናት። በርበሬው ሁለት ጣት ከፍ አለ። በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ «ሠሌዳህ ይባረክ» ይለኛል። አንገቴ ረዘመ፤ ወደ ቡሬ ወርጄ ሁለተኛ ጥቅል ሰማያዊ ክር ገዛሁ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ በዓል ነበር፤ ወርጄ «አራት» ብዬ ጽፌ ተመለስኩ። መደቡ ከመሻገሪያው የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው የሚርቀው። ዞር ብዬ አላየሁትም። እንጨቱን ነው ያየሁት።

በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ምንም አልሰማሁም። በሳምንቱ ማክሰኞ እትዬ አንጓች ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ነው።

«ደህና አደርክ ልጄ?»

«እግዚ... ደህና እትዬ። ምነው?»

«ና እስቲ፣ ወንዝህን አሳየኝ።»

ሰዓት ተኩሉን እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ ሄድን። መሻገሪያው ላይ ያ ቀይና ነጭ እንጨት በደረቅ ድንጋይ መሀል ቆሟል፤ ጌታው ሲዘረፍ ተኝቶ እንደነቃ ዘበኛ። አንዲት ላም እርጥብ ጠጠር ትልሳለች። መደቡ ላይ ያለው ችግኝ አንገቱን ደፍቶ መሬት ነክቷል። አንዱን አቃናሁት፤ መልሶ ወደቀ።

«ባለፈው ስወርድ አራት መስመር ነበር» አልኩ።

«ባለፈው ምን ቀን ነበር?»

ነገርኳቸው። እትዬ አንጓች የደረቀውን ወንዝ ይዘው ሽቅብ መራመድ ጀመሩ፤ ተከተልኳቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደወጣን ውኃው ተገኘ። በጭቃና በሣር ተገድቦ ወደ ላይኛው መንደር ቦይ ይገባል። ግድቡ ላይ ዶማቸውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። አያ ካሴ ይባላሉ፤ ዘራቸው ከአገው ምድር ነው፣ የላይኛው መንደር የውኃ አባት ናቸው። ውኃው በማን ማሳ፣ በየትኛው ቀን እንደሚገባ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው። ሌላ ማኅበር ስለሆኑ ስለ ወንዟ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ማንም ያልኩት እኔን ለመሸሸግ ነው።

«አያ፣ ይኸ ውኃ ሁልጊዜ ወደዚህ ነው የሚገባው?» አልኳቸው።

«ሁልጊዜማ አይደለም» አሉ፣ በጥያቄው እያዘኑልኝ። «በዓል ሲሆን በዋዜማው የቦዩን አፍ እደፍነዋለሁ። ዶማ የማይነካበት ቀን ውኃ ማሳ ላይ ቢለቀቅ ማን ይመልሰዋል? ያን ቀን ወደ እናንተ ይወርዳል። በማግስቱ እከፍታለሁ።» ጥቂት አሰቡና፣ «በዚያ ቀን ብቻ የሚወርድ ሰው ካለ» አሉ፣ «ወንዟ ሞልታ የምትኖር ይመስለዋል።»

እትዬ አንጓች ወደኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ዕለት ሾላው ሥር ስብሰባ ተጠራ፤ አያ ካሴም ወረዱ። ሠሌዳውን ደብቄው ነበር፤ እሳቸው ግን «ያንን የምትሉትን ሣንቃ አሳዩኝ» አሉ። አመጣሁ። ትርፍ ችካሎቹን ከከረጢቱ አውጥተው በእፍኛቸው ያዙና፣ ቀኖቹን በአገው ቋንቋቸው በአዊኛ ለራሳቸው እየቆጠሩ፣ እኔ ባዶ የተውኩትን ቦታ አንድ በአንድ ሞሉት። የሥራ ቀኑን ሁሉ የታችኛው ቀዳዳ ላይ፣ እሑድና በዓሉን አራተኛው ላይ። ክሩ ይወርዳል፣ ብቻውን አንድ ቀን ይነሣል፣ ይወርዳል። ቀጥ ያለው ሰማያዊ ወንዜ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት አፍ መሰለ።

ማብራሪያ አላስፈለገም። ሠሌዳው ግልጽ ነበር ብያችኋለሁ። ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ ወዲያው ገባው።

«ጓድ» አሉ ሊቀ መንበሩ በቁጣ፣ «በየትኞቹ ቀናት እንደወረድክ ለጉባኤው አስረዳ።»

«በሦስት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድ፣ በሃያ ዘጠኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ «በዓታ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ በዓለ እግዚአብሔር» ብላ እንደ ጸሎት ተከተለችኝ። ሳቁ የጀመረው ከዚያ ነው።

«እና በነዚህ ቀናት ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ማን...» ብለው ጀመሩ ጓድ ሙሉነህ፤ ወዲያው ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ታያቸውና ሳል ያዛቸው። ረዥም ሳል ነበር። ጉዳዩ በሳል ተዘጋ።

አያ ካሴ ሲነሡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሥራህ ጥሩ ነው ልጄ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይኸ ግን ገባኝ። ችካል ነው ያነሰው።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው በዚያው ሣንቃ ላይ ተራ አወጡ፤ ከየሳምንቱ ሁለት የሥራ ቀን ውኃው ለታችኛው መንደር እንዲለቀቅ ሁለት ሁለት ችካል ከፍ አደረጉ። የላይኛውም የታችኛውም ሰው እየመጣ በጣቱ ነካው። የተጣላ አልነበረም። እኔ በሦስት ወር ያልሠራሁትን እሳቸው እፍኝ በማይሞላ ቀርከሃ ሠሩት።

ለደረቀው ችግኝ ግን ተራው ዘግይቷል። ከእትዬ አንጓች መደብ አንድ ጥግ ብቻ ነው ሥሩ ያልሞተው፤ ተራ በሌለበት ቀን ሁሉ ደግሞ ከምንጩ ውኃ መቅዳት ነበረባቸው። ጠዋት ቤታቸው ደጃፍ ሄጄ እንስራቸውን አነሣሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልቀዳ።»

«ወንድ ልጅ እንስራ አዝሎ?»

«አዎ እትዬ።»

አሰቡና ማዘያውን ራሳቸው ደረቴ ላይ አሰሩልኝ። አጥብቀው ነው ያሰሩት።

ያን መንገድ ሽቅብ ባዶ፣ ቁልቁል ሙሉ፣ ክረምቱ እስኪገባ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ቀን ግማሹ ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ። ከጅጋ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ለቀው ያሳልፉኛል፤ «እንዴት ዋልሽ እቴ» የሚለኝም ነበር። ሁሉንም በትሕትና መለስኩ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጸና የተረፈውን ችግኝ ነቅለን ማሳ ላይ ተከልን። ሦስት መስመር ሞላ። እንደ ዓምናው ቢሆን ማሳው አይበቃውም ነበር። ጥላ ሥር አረፍ እንዳልን እትዬ አንጓች በብብቴ ያለውን ደብተር አዩ።

«ስለኛ የጻፍከው ግጥም አለ አሉ። እስቲ አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። ነጭ ነጠላው፣ የዳቦው ሽታ፣ ሳቁ፣ ጠላው፣ የማይጎድለው ደስታ። እንዲያ በጥሞና የሰማኝ ሰው የለም። ጨርሼ ቀና ስል፣ ጭቃ የያዘ እጃቸውን በሣር እየጠረጉ ነበር።

«ያምራል» አሉ። «መቼ ነው የጻፍከው?»

ደብተሩን አየሁ። ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር ቀን የመጻፍ ልማድ አለኝ። ሦስት። ዐሥራ ሁለት። ሃያ አንድ። ሃያ ዘጠኝ።

እትዬ አንጓች ተነሥተው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡ። «እስቲ ደግሞ» አሉኝ፣ «ማክሰኞ ና።»

ማክሰኞ ሄድኩ። ደብተሬን ገልጬ ከማሳው ዳር ልቀመጥ ስል እትዬ አንጓች ዶማ አቀበሉኝ፤ እስኪመሽ አላስቀመጡኝም። የዚያ ቀን ገጽ ዛሬም ባዶ ነው። ከላይ «ማክሰኞ» ይላል፣ ከሥሩ ገጹን ልገልጥ ስል ያረፈ የጭቃ አውራ ጣት አሻራ አለ። ካሉኝ ግጥሞች ሁሉ ለሰው ሳሳየው የማላፍርበት እሱን ብቻ ነው።